«አላውቅም» ማለት የሚያሳፍርበት መድረክ

ከቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ዝግጅቶች ተቆርጠው በየሞባይሉ የሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎችን ሳታዩ አትቀሩም። ወጣቱ የአገር ስም ተጠይቆ የከተማ ስም ይጠራል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ እዚህ ዋጫ ቤታችን ተቀምጠን የምናይ እኛና ልጆቻችንም እንስቃለን። ብዙ ሰው «ትውልዱ ጠፋ!» የሚለው በመልሱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሳቁ ነው።

ፍርዳችን አስቀድሞ ፍትሐዊ ይሁን። በኢቢኤስ በታየው «የቤተሰብ ጨዋታ» ነጥብ የሚያስገኘው ቀደም ብለው የተጠየቁ ሰዎች የሰጡት መልስ ነው። እዚያ የሳተ ሰው የሰው ሐሳብ መገመት አቃተው እንጂ አላዋቂ አይባልም። ዕውቀት በሚጠየቅበትም ቢሆን ጥፋቱ ሁሉ የተጠያቂው አይደለም። «ቦንጋ በየትኛው ክልል ትገኛለች?» ቢባል፣ እስከ 2013 «ደቡብ» ያለ ተማሪ ትክክል ነበር። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ከተመሠረተ ወዲህ ያው መልስ ስሕተት ሆነ። አሮጌ መጽሐፍ የሰጠነውን ልጅ በምን አፋችን እንስቅበታለን?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ቅጠሏ የማይረግፍ፣ ሙስሊምን የምትመስል ዛፍ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁ። የሰዎቹ ሐሳብ ወደ በረሃ ዛፎች ሄደ። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) የተምር ዛፍ መሆኗ በልባቸው መጥቶ ሳለ፣ በዕድሜ ትንሹ ስለነበሩ አፍረው ዝም አሉ። ሶሓቦችም መልሱን እንዲነግሯቸው ነቢዩን ለመኑ፤ እርሳቸውም ነገሯቸው። በዘገባው ውስጥ ባለማወቁ የተሳቀበት ሰው አናገኝም። ልጁ ኋላ ለአባታቸው ሲያጫውቱ ዑመር (ረ.ዐ) የተቆጩት ልጃቸው ሳይናገሩ በመቅረታቸው ነው።

ኢማም ማሊክም 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው ለ32ቱ «አላውቅም» እንዳሉ ይተረካል። በዛሬው መድረክ ቢቆሙ በመጀመሪያው ዙር ይሰናበቱ ነበር!

የእነዚህ ዝግጅቶች ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ ይሮጣል፤ «አላውቅም» ያለም፣ የተሳሳተም እኩል ዜሮ ያገኛል። ስለዚህ ብልሁ ተወዳዳሪ ይገምታል። ስለ ወንዝና ስለ ኳስ ሲሆን ይለፍ። የረመዷን ውድድር ላይ ግን ጠያቂው ስለ ሶላት ሕግ ጠይቆ «ሞክር፣ ገምት!» ሲል ምን እያስተማረ ነው? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል። በየመድረሳው ውድድር የምታዘጋጁ ኡስታዞች ቢያንስ «አላውቅም» ላለ ልጅ ግማሽ ነጥብ ስጡት፤ በዲን ጉዳይ የገመተውን ቀንሱበት።

እናንተም ወላጆች፣ ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣ መልሱ ሳይነገር አቁሙትና ቤቱን ሁሉ ጠይቁ። ከዚያ የራሳችሁን ጨምሩ፦ ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ስንት ጊዜ ተሰደዱ? እ.ኤ.አ. በ1897 የተማረከው የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ማን ነበር? መጀመሪያ አባት ይመልስ።