«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፤ ስለ ክዳትና ስለ በቀል የተሠራ ሲኒማ

ሰው ከጠላቱ የሚመጣበትን መከራ አስቀድሞ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህም በደረሰበት ጊዜ ሥጋው ይቈስላል እንጂ ልቡ አይደነቅም። ካመነው ሰው የሚመጣው ክዳት ግን ባልተጠበቀ በር የሚገባ ነውና ቍስሉ ከሥጋ አልፎ ወደ ነፍስ ይዘልቃል። ከዚህም ቍስል በቀል ይወለዳል። በቀልም የፍርድ መልክ ስላለው፥ የተበደለው ሰው ፍርድን የፈለገ እየመሰለው በቀልን ሲከተል ብዙ ጊዜ ይታያል። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ለሰባኪም ለዳኛም ለደራሲም ከባድ ሥራ ነው። በሲኒማ በኩል በአገራችን ሰው እንዴት እንደ ተሞከረ ለመመርመር አስበን ይህን ጽፈናል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ክዳትና ስለ በቀል የሚናገር አንድ የሲኒማ ዓይነት አለ፤ በፈረንጅ ቍጥር በ1946 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሐያስያን «ፊልም ኗር»፥ ማለት ጥቁር ፊልም፥ ብለው ጠሩት። ጥቁር መባሉ ሌሊትና ጥላ ስለሚበዛበት ብቻ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ እጁ የነጻ ሰው የማይገኝበት በመሆኑም ነው። ከጊዜ በኋላም ይኸው ዓይነት ታድሶ ይበልጥ ጨካኝ ሆነ። በፈረንጅ ቍጥር በ1967 ዓ.ም. ጆን ቡርማን በሠራው «ፖይንት ብላንክ» በተባለው ፊልም ዎከር የሚባለውን ሰው የገዛ ወዳጁ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ በአልካትራዝ ደሴት በጥይት መትቶ ለሞት ይተወዋል። ዎከርም የተነጠቀውን 93,000 ዶላር ለማስመለስ ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው አለቃ ሲሄድ፥ የበደለኛው ማኅበር እንደ ትልቅ ንግድ ቤት ሆኖ ያገኘዋል፤ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይለዋል፤ በመጨረሻም ገንዘቡን ሳይወስድ በጨለማ ውስጥ ይቀራል። በ1971 ዓ.ም. ማይክ ሆጅስ በሠራው «ጌት ካርተር» ደግሞ ጃክ ካርተር የወንድሙን ደም ለመመለስ ወደ ኒውካስል ይሄዳል፤ ገዳዮቹንም ከተበቀለ በኋላ በባሕር ዳር በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ በደሉ እውነተኛ ሲሆን በቀሉ ግን ለተበዳዩ ምንም አልመለሰለትም።

ይህ ዓይነት ታሪክ የትልልቅ ከተሞች ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን ክዳትና በቀል በእርሻ መካከልም፥ በቀትር ፀሐይም ይኖራሉና፥ ለእኛ የቀረበውን ምሳሌ በገጠር እናገኘዋለን። ይኸውም አቶ ኃይሌ ገሪማ የሠሩት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ሥራ ነው። አቶ ኃይሌ በጎንደር የተወለዱ ሲሆን አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሲኒማ ትምህርት ሲማሩ ወደ አገራቸው መጥተው ይህን ሥራ በ1966 ዓ.ም. ክረምት አካባቢ፥ አሮጌው መንግሥት እየወደቀ አዲሱ ገና ባልጸናበት ሰዓት፥ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጹት። ተዋንያኑ በሙያው የሠለጠኑ አይደሉም፤ ጊዜውም ገንዘቡም እጅግ አነስተኛ ነበር። ሥራው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሆኖ ወጣ፤ በፈረንጅ ቍጥር በ1976 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሎካርኖ ከተማ በተደረገው የሲኒማ በዓል ተሸለመ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ በአንድ ባለርስት መሬት ላይ ያርሳል። ባለርስቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ወንበር አስቀምጦ በመቀመጥ የሚያርሱትን ከላይ ወደ ታች ይመለከታል፤ ይቈጣል፤ ያዝዛል። የቤተ ሰቡ ልጅ በለጠች የተባለችው ላም ከጐርፍ ለማዳን ስትጣጣር ውሃ ይወስዳታል። በዚያው አካባቢ ደግሞ ከበበ የሚባል፥ መሬቱን የተነጠቀ፥ ሰዎችም እብድ የሚሉት ሰው አለ። የሚናገረው ግን የእብድ ነገር አይደለም፤ ሌላው በልቡ የያዘውን እርሱ በአደባባይ ይናገረዋል። በመጨረሻ ባለርስቱን ደብድቦ ይገድለዋል፤ የሚያሳድዱትም ሳይዙት ራሱን ሰቅሎ ይሞታል።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያው መልካምነት ትዕግሥቱ ነው። ተመልካች ግድያውን ከማየቱ በፊት ድካሙን እንዲያይ ይገደዳል፤ ንጋቱን፥ እሳት ማንደዱን፥ በሬ መጥመዱን፥ ውሃ መቅዳቱን ሁሉ በሙሉ ርዝመቱ ያሳየዋል። የከተማ ሰው ይህን ሲያይ ይሰለች ይሆናል፤ ነገር ግን በደል ማለት አንድ ቀን የተመታ ዱላ ሳይሆን በየማለዳው የሚደገም ሥራ መሆኑን ከዚህ በቀር በሌላ መንገድ ማስረዳት አይቻልም። ሁለተኛው መልካምነት የበለጠች ሕልም ነው። በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው ሲያርሱ ታያለች። ብዙ ሰው በመጽሐፍና በንግግር ጭሰኛ እንደ ከብት ተቈጠረ ሲል ሰምተናል፤ ቃሉ ከብዛቱ የተነሣ ፈዝዞ ነበር። እዚህ ግን ልጅቱ እናትና አባቷን በቀንበር ሥር ስታይ ቃሉ እንደ አዲስ ያማል። ሦስተኛውም፥ ግድያው እንደ ጀግና ሥራ አልተዘፈነለትም። ገዳዩ አያሸንፍም፤ የሚበላ እንጀራ፥ የሚያርሰው መሬት አላገኘም።

ሆኖም የሐያሲ ሥራ ማመስገን ብቻ አይደለምና፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ በደጋ ዳሞትም አካባቢ የሚኖር አስተዋይ ሰው ይህን ሲኒማ ሲያይ የሚጠይቀውን ሁለት ጥያቄ እንናገር።

የመጀመሪያው ስለ መሬት ነው። በጎጃም ገበሬው መሬቱን ይይዝ የነበረው በርስት ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው አቅኚ አባት እየቈጠረ፥ በአባቱም በእናቱም በኩል እየተወለደ የሚያገኘው ድርሻ ነበር። ገዥውና ገዳሙ በጉልት ግብር ይበሉ ነበር እንጂ የርስቱ ባለቤት ገበሬው ነበር። በዚህ አገር ጭሰኛ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን በወንበር ተቀምጦ ሁሉን የሚያዝ ባለርስትና በእርሱ መሬት ላይ እኩል ወይም ሲሶ የሚያርስ ጭሰኛ በብዛት የታየው በደቡቡ አገር ነው። የጎጃም ገበሬ ለርስቱ ምን ያህል ይሳሳ እንደ ነበረ በ1960 ዓ.ም. ታውቋል፤ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ሕዝብ «መሬታችን ተለክቶ ሊወሰድ ነው» ብሎ በጦር እስከ መነሣት ደርሷል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የመሬት ክዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይ ከተቀመጠው ጌታ ሳይሆን ከጎን ካለው ወንድም ነው፤ ድንበር የሚገፋው፥ በሐሰት የሚመሰክረው፥ የትውልድ ቈጠራ የሚያዛባው የአንድ አባት ልጅ ነው። የአቶ ኃይሌ ሥራ ለበቀለኛው ቀላል ጠላት ሰጥቶታል፤ ባለርስቱ ለከበበ ዘመድ አይደለም፤ አብሮት አልማለም፤ ልጁን ክርስትና አላነሣም። ስለዚህ በደሉ ታላቅ ቢሆንም፥ ከላይ በመጀመሪያ የተናገርነውን የክዳትን ጥልቀት አይነካውም። የዎከር ታሪክ የሚያስጨንቀው ገዳዩ ወዳጁ በመሆኑ ነበር፤ የእኛም አገር የዚህ ዓይነት ታሪክ ሞልቶታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ማግሥቱ ነው። ሲኒማው ገዳይና ሟች ሁለቱም ሲሞቱ ሒሳቡ የተዘጋ ያስመስለዋል። በአገራችን ልማድ ግን ደም በገዳዩ ሞት አይደርቅም። የሟች ልጅ ያድጋል፤ እናቱ የአባቱን ጠመንጃ ታሳየዋለች፤ በሠርግ፥ በገበያ፥ በጠጅ ቤት «ደሙን ያልመለሰ» እየተባለ ይሰደባል፤ የገዳይ ወገንም ቤቱን ዘግቶ አገር ጥሎ ይሰደዳል። ይህን የሚያቆመው የሽማግሌዎች ድካም ነው፤ ቀን ከሌት እየተመላለሱ፥ መስቀል የያዘ ካህን አስቀድመው፥ የሟችን ወገን እየለመኑ፥ ካሳ እያስቈረጡ፥ አማምለው ደሙን ያደርቃሉ። ይህ ሁሉ በፊልሙ የለም። ኋላ የሆነውም ነገር ጥያቄያችንን ያጸናዋል። ፊልሙ በተቀረጸ በጥቂት ወራት፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ባለርስትና ጭሰኛ መባባል በሕግ ቀረ። የከበበ ክንድ ያላደረገውን አዋጁ አደረገው፤ በወንድማማች መካከል በድንበርና በውርስ የሚነሣው ደም መፋሰስ ግን በዚያው አዋጅ አልቀረም። ስለዚህ የበቀል ሥር ከጌታና ከሎሌ ሥርዐት የጠለቀ መሆኑን እናያለን።

ይህን የተረዱ ደራሲዎች አሉ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፥ የጎጃም ሰው፥ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በአበጀ በለው የተመሩት ገበሬዎች በግፍ የተነሣባቸውን ፊታውራሪ መሸሻን ይማርኩታል እንጂ አይገድሉትም። የትዕቢተኛው ጌታ መዋረድ ከሞቱ ይልቅ ትምህርት ሆኖ ቀርቧል፤ አንባቢም ይሥቅበታል፤ ከሣቁም በኋላ ያዝንለታል። በሲኒማም በኩል ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ገደማ «ጉማ» የተባለውን ሥራ ሠርተዋል። ጉማ ማለት ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ወገን የሚከፍለው የደም ካሳ ነው፤ በልማዱም ገዳዩ ሰንሰለት ታስሮ እየዞረ ካሳውን ይለምናል። እዚህ ላይ ታሪኩ ገዳዩ በገደለበት ሰዓት ያበቃ ሳይሆን በዚያው የሚጀምር በመሆኑ፥ በበቀል ታሪክ ላይ የጎደለውን የማግሥቱን ነገር ያመጣዋል። በአዲስ አበባ ለሲኒማ ሠሪዎች የሚሰጠው ሽልማት በዚሁ ፊልም ስም «ጉማ» መባሉ የሚገባ ነው።

እንግዲህ የአቶ ኃይሌን ሥራ በሚዛን ብናኖረው የሚከብደው ምስጋናው ነው። በአገራችን ገበሬ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ትኵረት ያደረገ ሥራ ከእርሱ በፊት አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላም ጥቂት ነው። ጉድለቱም ቢሆን ከቍጣ ብዛት የመጣ እንጂ ከቸልታ የመጣ አይደለም፤ የዘመኑ ወጣት ሁሉ «መሬት ለአራሹ» እያለ ይጮኽ በነበረበት ወራት ስለ ማግሥቱ ረጋ ብሎ ማሰብ ቀላል አልነበረም።

ለእኛ ግን ማግሥቱን ማሰብ የግድ ሆኖብናል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሹም መናገራቸው ይታወሳል። ይህን ያህል ሟች በአንድ ቀን የቀበረ ሕዝብ፥ በየቤቱም አባቱን ወይም ወንድሙን የሚጠይቅ ልጅ የሚያሳድግ ሕዝብ፥ ስለ በቀል የሚናገርን ሥራ እንደ ጨዋታ አያየውም። ልጆቻችን በየስልካቸው የሚያዩት የውጭ አገር የበቀል ፊልም ብዙ ነው፤ በእነዚያም ገዳዩ መልከ መልካም፥ ጥይቱም የማይስት ሆኖ ይታያል። ከዚህ የሚጠብቃቸው መከልከል ብቻ አይደለም፤ የተሻለ ሥራ ማሳየት ነው።

ስለዚህ ከዚህ አገር የሚነሣ ወጣት ሲኒማ ሠሪ ቢኖር ርእሱን ሩቅ አይፈልግ። ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ አንዱ አንዱን ከድቷል፤ ደም ፈሷል። በሟች ቤት ጠመንጃው በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሽማግሌዎቹ በሌሊት ከደጅ ቆመው እንዲከፈትላቸው ይለምናሉ፤ ውስጥ የተቀመጠው የሟች ልጅ ይከፍት ወይም አይከፍት እንደ ሆነ ገና አልቈረጠም። በዚያች በር ፊት የሚያልፈው ሌሊት ዎከር ከኖረበት ጨለማ የከበደ ነው፤ ደግሞም ሊነጋ ይችላል። ከተማችን በግእዝ ፍኖተ ሰላም፥ የሰላም መንገድ፥ ተብላ ስትጠራ ሰላሙ አስቀድሞ የደረሰ ነው አልተባለም፤ መንገዱ አለና ይኬድበት ማለት ነው። ይህን መንገድ ከነእሾኹ የሚያሳየን ሥራ ቢመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ እስከዚያው ድረስም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያላየ ሰው እንዲያየው፥ ያየውም ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ እንዲከራከርበት እንመክራለን።