ዘጠኙ እጅና አሥራቱ

የኢንዱስትሪ ንድፍ ባለሙያዎች ስለ ሙያቸው ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በቅርጽ፣ በቁስና በገበያ ላይ ነው። ሙያው ለማን እንደቆመ ደፍረው የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ድምፁ ርቆ የተሰማው ቪክቶር ፓፓኔክ ነው። በቪየና ተወልዶ፣ የናዚ ጦር ኦስትሪያን ከያዘ በኋላ በ1939 ወደ አሜሪካ የተሰደደው ይህ ነዳፊ፣ መጀመሪያ በ1970 በስዊድንኛ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ንድፍ ለእውነተኛው ዓለም» የተሰኘ መጽሐፍ ከሃያ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ የሚጀምረው በክስ ነው። ፓፓኔክ ገና በመግቢያው የራሱን ሙያ ለሰው ልጅ እጅግ ጎጂ ከሆኑት ጥቂት ሙያዎች ተርታ ያሰልፈዋል። ተሳፋሪውን የሚገድል መኪና፣ ሳያረጅ የሚጣል ዕቃ፣ አካባቢን የሚበክል ምርት፣ እነዚህ ሁሉ ከመሠራታቸው በፊት በአንድ ነዳፊ ጠረጴዛ ላይ አልፈዋል ይላል። ከሳሹ ከውጭ የመጣ ታዛቢ ሳይሆን ዕቃ ሲነድፍና ንድፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው መሆኑ ለክሱ ክብደት ሰጥቶታል። የሙያ ባልደረቦቹ ለምን እንደተቆጡ ለመረዳት አያስቸግርም።

በእርግጥ ጥያቄውን በማንሣት ረገድ ቀዳሚው እሱ አይደለም። እንግሊዛዊው የግራፊክ ነዳፊ ኬን ጋርላንድ በ1964 «ቀዳሚው ይቅደም» የሚል መንፈስ ያለው፣ ሃያ ሁለት ባለሙያዎች የፈረሙበት መግለጫ በ400 ቅጂ አሳትሞ ነበር። መግለጫው የንግድ ማስታወቂያ ጨርሶ ይጥፋ አላለም። የነዳፊው ችሎታ ለመንገድ ምልክት፣ ለመጽሐፍ፣ ለትምህርት መርጃና ለመሳሰሉት ዘላቂ ጥቅም ላላቸው ሥራዎች ቅድሚያ ይስጥ ነው ያለው። ይኸው መግለጫ በ2000 ታድሶ፣ በሠላሳ ሦስት ሰዎች ተፈርሞ እንደገና ወጣ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል መድገም ማስፈለጉ የመጀመሪያው መግለጫ በሙያው ላይ ምን ያህል እንደሠራ ይናገራል። የጋርላንድ ቋንቋ ጨዋና ቁጥብ ነው፤ ፓፓኔክ ግን ይቆጣል፣ ያሾፋል፣ አንዳንዴም አንድን ነገር ከሚገባው በላይ ይደጋግማል። ሆኖም የሚከራከረው በዕቃ ስለሆነ አንባቢው የሚመረምረው ተጨባጭ ነገር ያገኛል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ብዙ ያነጋገረው የቆርቆሮው ራዲዮ ነው። ፓፓኔክ ከአንድ ተማሪው ጋር የሠራው ይህ ራዲዮ አካሉ የተጣለ የጭማቂ ቆርቆሮ ነው። ባትሪም የኤሌክትሪክ መስመርም አይሻም። በቆርቆሮው ውስጥ ሰምና ክር ይነድዳል፤ ሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና አንዷን ትራንዚስተር ያንቀሳቅሳል። ሰሙ ሲያልቅ እንጨት፣ ወረቀት፣ ወይም ደረቅ የከብት እበት ይተካዋል። ኩበት ማለት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ማገዶ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። የአንዱ ራዲዮ ማምረቻ ዋጋ በ1960ዎቹ ሂሳብ 9 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነበር።

ፓፓኔክ ይህን ሥራውን በጀርመን አገር በኡልም የንድፍ ትምህርት ቤት ሲያሳይ አስቀያሚ ነው ተብሎ ተነቀፈ፤ ቢያንስ ግራጫ ቀለም ይቀባ ተባለ። አልቀባውም አለ። ምክንያቱ የሚከበር ነው፤ በሚሊዮን ለሚቆጠር፣ ልማዱንና ውበቱን ለማያውቀው ሕዝብ ቀለም የመምረጥ መብት የለኝም፣ ገላውን ተጠቃሚው ያስጊጠው ብሎ ነበር። አንድ ባለሙያ የእኔ ጣዕም የሁሉ ጣዕም ይሁን ከማለት መታቀቡ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ረገድ ዛሬም ሕንፃና የቤት ዕቃ የሚነድፉ ብዙዎች ከፓፓኔክ ኋላ ቀርተው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ራዲዮው ሌላም ገጽ አለው። አንድ ትራንዚስተር ብቻ ስላለው ጣቢያ አይመርጥም፤ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ በአንድነት ይቀበላል። ፓፓኔክ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ በእነዚያ አገሮች የሚሰማው ስርጭት አንድ ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም ብሎ አለፈው። የአንድ ጣቢያ ዘመን ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የራዲዮው ጥያቄ መጀመሪያ የመጣው ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተወካዮች እንደነበረም ደራሲው ሳይሸሽግ ጽፏል። እንግዲህ የመንደሩ ሰው የቆርቆሮውን ቆዳ እንዲያስጌጥ ሙሉ ነፃነት ተሰጠው፤ በቆርቆሮው ውስጥ ማን እንደሚናገር ግን አልተጠየቀም።

ይህን ስስ ጎን አጥብቆ የመታው ጀርመናዊው ጉዊ ቦንሲፔ ነበር። ቦንሲፔ በኡልም የተማረ፣ ከ1968 ጀምሮ በቺሊ የሠራ፣ በሳልቫዶር አየንዴ መንግሥት ዘመን የአገሪቱን የመንግሥት ፋብሪካዎች መረጃ ለማስተባበር የታቀደውን የሳይበርሲን ፕሮጀክት የመቆጣጠሪያ ክፍል የነደፈውን ቡድን የመራ ሰው ነው። በመስከረም 1973 የተደረገው ወታደራዊ ግልበጣ ያን ሁሉ ካፈረሰ በኋላ፣ በ1974 በጻፈው ሂስ የፓፓኔክን ሐሳብ ከአዲሱ ቅኝ አገዛዝ ጋር አያይዞ ነቀፈው። ነቀፌታው ከመጠን ያለፈ ምሬት አለበት፤ ሥራው በጠመንጃ የፈረሰበት ሰው ቢመርረው አይፈረድበትም። ዋናው ነጥቡ ግን የሚጸና ነው። ድሃ አገር የሚያስፈልገው የራሱ ነዳፊ፣ የራሱ ፋብሪካና የራሱ ውሳኔ ነው።

ለፓፓኔክም ፍትሕ ማድረግ ይገባል። በሩቅ ከተማ ተቀምጦ ለማያውቀው አገር መንደፍን ከሁሉ ያነሰው መንገድ ነው ብሎ አስቀምጦታል፤ ከሁሉ የሚሻለው፣ በየአገሩ ሌሎች ነዳፊዎችን የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎችን ማፍራት መሆኑንም ጽፏል። ሐሳቡ ከራዲዮው ቀድሞ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ይበልጥ የሚያከራክረው የአሥራቱ ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ነዳፊ ከጊዜው ወይም ከገቢው አንድ አሥረኛውን ለችግረኛው ሕዝብ ይስጥ ይላል። አሥራት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትዝታ አለው፤ ምእመን ለቤተ ክርስቲያን በፈቃዱ የሚሰጠው አንዱ ሲሆን፣ ገባር ከምርቱ እየተሰፈረ ይወሰድበት የነበረው ሌላው ነው። ፓፓኔክ ያሰበው የፊተኛውን ነው። ነገር ግን አሥራት የሚያወጣ ሰው ዘጠኙን እጅ ለማን እንደሚሠራበት ይጠየቃል። ዘጠኝ ቀን የሚጣል ዕቃ ነድፎ በአሥረኛው ቀን ለአካል ጉዳተኛ ወንበር የሚነድፍ ባለሙያ ሕሊናውን ያሳርፍ ይሆናል፤ ፋብሪካው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። በመጽሐፉ ላይ የቀረበውን ያን ሁሉ ቁጣ አንድ አሥረኛ ላይ ማቆም የክሱን ያህል መፍትሔ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ደራሲው ሰው ሁሉ ነዳፊ ነው የሚል እምነትም አለው። ይህ እምነት በእኛ አገር የሚፈተንበት ቦታ ሩቅ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜልና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ምድጃ የሚሠሩ፣ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚቆርጡ፣ ከጣሳ ኩራዝ ያወጡ እጆች ምንም መግለጫ አልፈረሙም። ኩራዝ ዕቃ ከመጣያ ተነሥቶ ለድሃ ቤት የሚያገለግልበትን ዘዴ ከቆርቆሮው ራዲዮ ባላነሰ ብልሃት ያሳያል፤ ደግሞም የሚፈልገው ሰው ራሱ ይሠራዋል፣ ሲሰበር ራሱ ያበጀዋል። ነገር ግን ኅብረተሰባችን ሠሪውን እንዴት ሲያይ እንደኖረ የታወቀ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን መስደብ ልማድ ስለነበረ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ቀነሰው እንጂ ሠሪውን ከትምህርት ቤት ደጃፍ አላደረሰውም። ንድፍ በምሕንድስናና በሥነ ጥበብ ክፍሎች የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን ሠሪው ከውጭ ቀረ። ፓፓኔክን በአማርኛ ለማስተማር የሚነሣ መምህር ተማሪዎቹን ከመጽሐፉ ጋር ወደ ምናለሽ ተራ ይዟቸው ቢሄድ፣ ክርክሩ ከመጽሐፉ ገጾች ሰፍቶ ይገኛል።

በመጽሐፉ ውስጥ የዚያው ራዲዮ ሌላ ፎቶግራፍ አለ። ቆርቆሮው በቀለማም ጨርቅ ቅጽና በባሕር ዛጎል ተሸፍኗል፤ ያማረ ነው። ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ ያስጌጠው በኢንዶኔዥያ የሚኖር አንድ ተጠቃሚ መሆኑን ይገልጻል። ስሙ አልተጻፈም።