ሣሩን አትርገጡ

በከተሞቻችን በብዛት ከምናነባቸው ጽሑፎች አንዱ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሣሩን አትርገጡ»። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «አንድን ጽሑፍ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚደብቀውንም ጠይቁት» እላቸው ነበር። እስቲ ይህንንም ሰሌዳ እንጠይቀው። ሣሩ ለምንድን ነው የማይረገጠው? ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ ከሥሩ አፈር የሚባል ነገር ስለሌለው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከዘለቀ ወዲህ፣ የሣር መስክ የከተሜነት ምልክት ሆኗል። ፎንቆን በመሳሰሉ ትንንሽ ከተሞችም ቤት የሚሠራ ሰው ሣር ያምረዋል። ማማሩ አልከፋም። ቅደም ተከተሉን ግን ተመልከቱት። መጀመሪያ የላዩ ለም አፈር ተጠርጎ ይጣላል። የወጣው ቀይ አፈር በመኪና ጎማ ይጠቀጠቃል፤ የሲሚንቶና የጠጠር ትራፊ ይደፋበታል። ቤቱ ሲያልቅ በካሬ የተገዛ ሣር እንደ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ለምርቃቱ ቀን ያምራል፤ በጋ ሲገባ እንደ አሮጌ ጆንያ ይገረጣል። በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ ይባላል። እኛ ደግሞ ሣሩን አይተን አፈሩን ሳናይ ቀረን።

«ታዲያ ጥቁር አፈር በገልባጭ እናስመጣለን» የሚል አይጠፋም። ከየት? መሬት በጠበበበት በሐድያ የአንዱ ደጃፍ እንዲለመልም የሌላው ማሳ ከተላጠ፣ ውበት ሳይሆን ዝውውር ነው።

ሥራው ምሥጢር የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የተጠቀጠቀውን መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ማላላት፣ ድንጋዩን መልቀም፣ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ማዋሃድ። በደቡብ ደጋማ አካባቢዎች ብዙው አፈር አሲዳማ ስለሆነ፣ አስመርምሮ እንደ ውጤቱ ኖራ መጨመር። ከዚያ ክረምት ሲገባ የሰርዶ ቁራጭ ከነአንጓው መትከል። ሰርዶ እየተሳበ ባዶውን ራሱ ይሸፍነዋል። ሥር እስኪይዝ ይጠበቅ፤ ከያዘ በኋላ እግር አይፈራም።

የሚያሳዝነኝ ይህን ከሌላ አገር የምንማረው ዕውቀት አድርገን መቁጠራችን ነው። የሐድያ የገጠር ቤት ከፊቱ ሣር፣ ከጓሮው እንሰት ነበረው፤ ዛሬም ያለው አለ። ፍጉ ለእንሰቱ ይጋዛል፤ ሣሩን ጥጃ ይግጠዋል፣ ልጆች ይፈነጩበታል፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ያበርዱበታል። የጎረቤታችን የጉራጌ ጀፎሮም መንገድ ነው፣ አደባባይ ነው፣ ሣር ነው። እንግሊዛዊው ኤድዊን ቡዲንግ የሣር ማጨጃ መኪና የሠራው እኮ በ1830 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነሱንም መስክ ያሳመሩት በግና ማጭድ ናቸው።

እንግዲህ የምተቸው ሣሩን አይደለም፤ ለመታየት ብቻ የተነጠፈውን ሣር ነው። ለቅሶ የማይቀመጡበት፣ ሕፃን የማይድህበት፣ ደክሞት የመጣ ገበያተኛ አረፍ የማይልበት መስክ በውኃና በገንዘብ የሚታለብ ባዕድ ነገር ነው። ሰሌዳውን አንድ ክረምት እናቁመው፣ ተገቢ ነው። መስከረም አልፎ ሣሩ ሥር ሲይዝ ግን እንንቀለው። ያን ጊዜም መርገጥ የሚያሰጋን ከሆነ፣ ዶማችንን ይዘን ወደ አፈሩ እንመለስ።