የትኛው ዋሽንግተን?

በአማርኛ በሚታተሙ መጻሕፍት የጀርባ ሽፋን ላይ፣ ከደራሲው ፎቶግራፍ ሥር፣ የተለመደች አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ሁለተኛ ዲግሪውን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል» የምትል። ሰዋስዋዊ ግድፈት የለባትም፤ አራሚም ብዕሩን አያነሣባትም። ጉድለቷ ሌላ ነው፤ ሰውየው የት እንደተማረ አትናገርም። ሲያትል ላይ ያለው፣ በ1861 የተቋቋመው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሆን? ሴንት ሉዊስ ላይ ያለው፣ በ1853 የተመሠረተው የግል ዩኒቨርሲቲ? በአሜሪካ ዋና ከተማ የሚገኘው ጆርጅ ዋሽንግተን? ወይስ ከሲያትል በስተ ምሥራቅ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ ፑልማን በምትባል አነስተኛ ከተማ ያለው ዋሽንግተን ስቴት? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኛው የአዲስ አበባ አንባቢ ጥያቄውን አያነሣም። ዋሽንግተን ሲባል ዋይት ሀውስ ትዝ ይለዋል፤ ዩኒቨርሲቲውንም እዚያው አጠገብ ተክሎ፣ ለደራሲው ያለውን አክብሮት በአንድ እርከን ከፍ አድርጎ መጽሐፉን ይገልጣል።

መደናገሩን የፈጠረው የአንባቢ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ስሞቹ በገዛ አገራቸውም ያደናግራሉ። የሴንት ሉዊሱ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎቹ ጋር መምታታቱ ስላላባራ በ1976 የከተማዋን ስም በይፋ ከስሙ ጋር አያይዟል። የዋና ከተማው ደግሞ በ1821 ሲቋቋም ኮለምቢያን ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለው በ1904 ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው ቢያንስ በቃላት ቅደም ተከተል ይለያቸዋል፤ «ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ዋሽንግተን» ሲል የሲያትሉን፣ «ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ» ሲል የሴንት ሉዊሱን ማለቱ ነው። አማርኛ ይህ መለያ የለውም። በአማርኛ ገላጭ ከተገላጭ ይቀድማልና ሁለቱ ስሞች ወደዚህ ሲሻገሩ አንድ ይሆናሉ፤ «የ» ቢጨመር ባይጨመርም ለጆሮ የሚያመጣው ለውጥ የለም። በእንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ያለውና በካናዳ ቶሮንቶ ያለው ሁለት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ መንገድ በአማርኛ አንድ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ተርጓሚው ለቃሉ ታማኝ በሆነ መጠን መረጃውን ያጠፋል፤ የቋንቋው ጠባይ ያመጣበትን ዕዳ የከተማውን ስም በመጥራት ካልከፈለ በቀር። ዕዳው ደግሞ ከአንድ ቃል አይበልጥም። «ቦታ ጠበበን» የሚለው የአዘጋጆች ምክንያት እዚህ ላይ አያስኬድም።

የዚህች አንዲት ቃል መጉደል የኢትዮጵያን የትምህርት ታሪክም ነክቷል። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተቋቋመው በአሜሪካ የ«ፖይንት ፎር» የቴክኒክ ዕርዳታ መርሐ ግብር፣ በ1952 በተፈረመ ስምምነት፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። ከየትኛው ኦክላሆማ? ነገሩን በአማርኛ የሚያነሣ ሰው «የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ቢያልፍ የሚቆጣው አይገኝም። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ግን ኖርማን በተባለች ከተማ ያለ ሌላ ተቋም ነው። ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋለው ስቲልዋተር ያለው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነበር። የዚያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት የፖይንት ፎር ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ በ1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ እስከ ስቲልዋተር ዘልቀው ኮሌጁን አይተዋል። ኮሌጁ «ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ» የተባለው በ1957 ነው፤ አለማያ ላይ ማስተማር ከተጀመረ በኋላ ማለት ነው። «ስቴት» የምትለዋን ቃል «መንግሥት» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል። «የኦክላሆማ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ያነበበ ሰው ሌላኛው የግል መሆን አለበት ብሎ ያስባል፤ ሁለቱም ግን የመንግሥት ናቸው። እዚህ ላይ «ስቴት»ን እንዳለች መተው ከመተርጐም ይሻላል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ለኢትዮጵያ ከፍተኛ የእርሻ ትምህርት መሠረት የጣለው በጊዜው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ኮሌጅ ነበር፤ የተከለውም ኮሌጅ ነው። በዚያ ዘመን በዚህ የሚያፍር አልነበረም። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት «ኮሌጅ ገባ» የሚለው ወሬ አንድን ቤተሰብ በመንደሩ ሁሉ ያስከብር ነበር። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖች ሐኪም ባልደረሰበት አገር ሁሉ ሐኪም ሆነው ሠርተዋል። ተማሪዎች በዓመታዊው «የኮሌጅ ቀን» ያነቧቸው የነበሩት ግጥሞች ቤተ መንግሥቱን እስከ ማስቆጣት ደርሰዋል። ቃሏ ያኔ ክብደት ነበራት።

ክብደቷ የቀለለው ከጊዜ በኋላ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የግል ኮሌጆች በየከተማው ሲበዙ፣ አብዛኞቹም የአንድና የሁለት ዓመት ሥልጠና ሲሰጡ፣ «ኮሌጅ» ለዩኒቨርሲቲ ያልተመደበ ልጅ መጠጊያ ተደርጎ ይታይ ጀመር። ይህ ግምት በኢትዮጵያ ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ባሕር ሲሻገር ደግሞ ጭራሽ ይገለበጣል። ዳርትመዝ በ1769 የተመሠረተ፣ ከ1797 ጀምሮ ሕክምና የሚያስተምር፣ ዛሬም ግን ስሙን ኮሌጅ ብሎ የሚጠራ ተቋም ነው። ቦስተን ኮሌጅ የዶክትሬት ዲግሪ የሚሰጥ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በዚያው አካባቢ ካለው ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው የለም፤ ቅርንጫፉም አይደለም፤ በታቹም አይደለም። የለንደኖቹ ኪንግስ ኮሌጅና ኢምፔሪያል ኮሌጅም እንዲሁ ናቸው። በአንጻሩ ኢተን ኮሌጅ የወንድ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የለንደኑ የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ተቋም ራሱን «ስኩል» ብሎ ቢጠራም፣ «የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት» ተብሎ ቃል በቃል ሲተረጐም ደብተር የያዙ ሕፃናት የተሰለፉበት ግቢ ይመስላል።

ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግም አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በባቡር በሚደረስባት በጅቡቲ፣ ፈረንሳይኛው እንዳስለመደው፣ «ኮሌዥ» ማለት ከአንደኛ ደረጃ ቀጥሎ ያለ መካከለኛ ትምህርት ቤት ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ኮሌዥ ገባሁ» ቢል ማንም እልል አይልም። በሱዳን ደግሞ «ኩሊያ» የሚለው የዐረብኛ ቃል በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለውን ፋኩልቲ ሁሉ ይጠራል፤ ሆኖም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሆኖ ተከፍቶ፣ በ1951 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1956 ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። ከሁለቱ አገሮች የመጡ የትምህርት ማስረጃዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ኮሌጅ» በምትል አንዲት ቃል ሁሉንም ቢያልፋቸው አንዱን ሳያውቅ ከፍ፣ ሌላውን ሳያውቅ ዝቅ ያደርጋል።

ወደ ደቡብ ሲወረድ የስሞቹ ጥልፍልፍ ይብሳል። በኬንያ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ስም የተሸከሙ ሁለት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከናይሮቢ በሚወጣው የቲካ መንገድ ላይ ይገኛሉ። አንዱ በ1985 ራሱን የቻለው ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው ጁጃ ያለው፣ በ1994 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጆሞ ኬንያታ የእርሻና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኤልዶሬት አጠገብ በ1984 የተቋቋመው ሞይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የኤልዶሬት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ግን በ2013 ከሞይ ቅርንጫፍነት ወጥቶ የቆመ ሌላ ተቋም ነው። በካምፓላ ከተማ ካምፓላ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ካምፓላ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ሁለቱ አይዛመዱም፤ በ1922 የተመሠረተው ማካሬሬ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በሞቃዲሾ የሶማሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1991 በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ በ2014 ሲከፈት፣ በመካከሉ፣ በ1997፣ ሞቃዲሾ ዩኒቨርሲቲ የተባለ የግል ተቋም ተመሥርቷል። ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ በተዘጋበት ዘመን የተመረቀን ሰው «ዲግሪህ ሐሰት ነው» ማለት ከባድ በደል ነው።

ከሁሉም አስገራሚው ግን የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1963 እስከ 1970 ማካሬሬ፣ ናይሮቢና ዳሬሰላም የዚህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች ነበሩ። በ1970 ሦስቱ ሲለያዩ እናት ዩኒቨርሲቲው ጠፋ፤ በስሙ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ግን ቀሩ። ዛሬ በኬንያ ባራተን ላይ በአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር የግል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ከቀድሞው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ብቻ ይለያል። በአማርኛ ቅጥያዋ የት እንደምትገባ እንኳ አይታወቅም፤ ሁለቱም «የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ» ናቸው።

ነገሩ የስም ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በስም ላይ ገንዘብ ይወጣል። ልጁን ወደ ውጭ ለመላክ ቦታውን የሚሸጥ አባት፣ ከጂዳ ወይም ከዱባይ ደመወዟን ለታናሽ ወንድሟ ክፍያ የምትልክ እኅት፣ ከተቋሙ የሚያውቁት ስሙን ብቻ ነው። የተቀባይነት ደብዳቤ የሚያስገኝላቸው ደላላም ይህን ያውቃል። የታወቀ ስም የሚመስል ስም ሲያቀርብ አይዋሽም፤ ዝም ይላል እንጂ፤ የቀረውን የቤተሰቡ ምኞት ይጨርስለታል። የተገላቢጦሹ ጉዳት ግን ብዙ አይወራለትም። መልካም ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል የሰጣት ልጅ «ለኮሌጅማ እዚሁ ምን አነሰሽ» ተብላ ልትቀር ትችላለች። በሥራ ማመልከቻ ክምር ውስጥ «ኮሌጅ» የሚለውን አይቶ ወረቀቱን ወደ ግራ የሚያኖር ሠራተኛ ምን እንደጣለ ሳያውቅ ይቀራል። በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በኬንያና በኡጋንዳም ተመሳሳይ መሥሪያ ቤቶች፣ የተቋማትን ዕውቅና የሚያረጋግጡት ለዚህ ነው። ወደነርሱ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ተቋማቱም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። በኢትዮጵያ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ኮሌጅነትን እንደ አሮጌ ልብስ የማውለቅ ጥድፊያ ታይቷል። አንዳንዱ በእውነት አድጎ ነው፤ አንዳንዱ ግን የተለወጠው በደጁ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። በ2000 የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ ኮሌጅ ተዋሕደው «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተባሉ። በ2006 ስሙ እንደገና ተለውጦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በመካከሉ የተመረቀ ሰው ማስረጃውን ወደ እንግሊዝኛ ሲያስመልስ ተርጓሚው «ደቡብ»ን የአቅጣጫ ስም ብቻ አድርጎ ከተረጐመው፣ ባለቤቱን በሉዊዚያና የሚገኘው፣ በ1880 የተቋቋመው የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አድርጎታል ማለት ነው። የተጸውዖ ስም እንደማይተረጐም የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አለማያም ከዚህ አላመለጠም። ተመራቂው በመጀመሪያ የኮሌጁን፣ ቀጥሎ ኮሌጁ የታቀፈበትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን፣ ከ1975 በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ ከ1985 ጀምሮ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲን ስም ይዞ ወጥቷል። አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ ተምረው በሦስት ስም ምስክር ወረቀት ሊይዙ ይችላሉ፤ ሚኒያፖሊስ ወይም ሪያድ ያለ ቀጣሪ ሦስቱን ከሦስት አገር የመጡ ቢያስመስላቸው አይፈረድበትም። በ2006 ስሙ ከኦሮምኛው አጠራር ጋር ተስማምቶ «ሐረማያ» ሆነ። ለውጡ ተገቢ ነበር፤ ስሙን ለቦታው የሰጠው ሐይቅ ግን በዚያ ወቅት ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል፤ የቀድሞ ምሩቃን ማስረጃ ላይ ያለው ስም ግን እንደተጻፈው አለ።