የ137 ዲግሪው መስመር

የጃፓን ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ የምርምር መርከቦች ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምዕራብ ፓስፊክ የ137 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን ተከትለው፣ ከጃፓን ደቡብ እስከ ምድር ወገብ አቅራቢያ በየዓመቱ ይጓዛሉ። መርከቧ በየመለኪያ ጣቢያው ትቆማለች፤ ዙሪያውን ጠርሙሶች የተደረደሩበት መሣሪያ በገመድ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ሙቀትንና ጨዋማነትን እየለካ ይሄድና፣ ሲወጣ ጠርሙሶቹ በተመረጠላቸው ጥልቀት ተራ በተራ እየተዘጉ ውሃ ይቀዳሉ። ሳተላይት እንዲህ ያለውን ጥልቀት አያይም። ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ግን ጽናቱ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ የሚታወቀው ያንኑ ቦታ በዚያው ወቅት ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ በመለካት ነውና። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሰበሰበው መረጃ፣ በመስመሩ ላይ ያለው የገጽ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየበዛበት ወደ አሲዳማነት እያዘነበለ መሆኑን በግልጽ ያሳያል።