ማናለብኝነትና የስልክ ላይ ቀልድ፤ በገፈርሳ የታክሲ ሰልፍ የተደረገ ትዝብት

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከከተማው መካከል በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ስፍራ ነው። ስሙ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት በተሠራውና ለዋና ከተማው ውሃ በሚሰጠው ግድብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቡራዩ ከሰበታ፥ ከሱሉልታና ከሌሎችም ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ውስጥ ተጠቃሏል። እኛ ግን ገፈርሳን የመረጥነው ስለ ግድቡ ወይም ስለ አስተዳደሩ ለመጻፍ አይደለም። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕዝብ ታክሲ ለመያዝ በሚቆምበት ሰልፍ ውስጥ እኛም ስለምንቆም፥ ሰልፈኛው በስልኩ ላይ እያየ የሚስቅባቸውን ሥዕሎች ለመመርመር በቂ ጊዜ አግኝተናል።

እነዚህ ሥዕሎች ሚም ይባላሉ። ቃሉን ያወጡት ቀልደኞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሪቻርድ ዳውኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ፥ ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ የሚተላለፍን አሳብ፥ ዜማ ወይም ልማድ ለመሰየም በመጽሐፉ ውስጥ የፈጠረው ቃል ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሲነሣ ሰው የሚያስበው አጭር ጽሕፈት የተጨመረበትን፥ በቴሌግራም፥ በፌስቡክና በቲክቶክ የሚዘዋወረውን አስቂኝ ሥዕል ነው። ከእነዚህም መካከል እዚህ የምንመለከተው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ይኸውም በሕዝብ መካከል «ማን አለብኝ» የሚለውን ሰው የሚነቅፈውን ነው።

ማናለብኝነት የሚለው ስም የወጣው ከጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው መልስ አይጠብቅም። «ማን አለብኝ?» የሚል ሰው ከበላዩ የሚያዝዘው፥ ከጎኑም የሚያፍረው ሰው እንደሌለ አስቀድሞ ወስኗል። ትዕቢት በልብ ውስጥ ተሰውሮ ሊቀር ይችላል፤ ማናለብኝነት ግን የሌላውን ሰው ቦታ፥ ጊዜ ወይም ገንዘብ ሳይወስድ አይፈጸምም። ስለዚህ ነገሩ የሕዝብ ጉዳይ ነውና ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ሀ. የሥዕሎቹ መልክ

ያየናቸው ሥዕሎች ብዙ ቢሆኑም በውስጣቸው የሚመላለሱት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። አንደኛው ስልኩን በጆሮው ላይ ይዞ፥ ከባድ ጉዳይ እንደሚነጋገር ሰው ግንባሩን ቋጥሮ፥ ሰልፉን ያላየ መስሎ እስከ ታክሲው በር የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው መኪናውን በእግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ፥ የጥበቃ ሠራተኛ ሲናገረው «ማን እንደ ሆንሁ ታውቃለህ?» የሚለው ነው። ሦስተኛው በሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ፥ ስልኩን ያለ ማዳመጫ ከፍቶ፥ ለተሳፋሪው ሁሉ ዘፈን የሚመርጠው ነው። አራተኛው ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥቶ፥ በምግብ ቤቱም በመሥሪያ ቤቱም የሚኖርበትን አገር እያነሣ ቅድሚያ የሚጠይቀው ዲያስፖራ ነው። አምስተኛው ራሱ በሥዕሉ ላይ አይታይም፤ እርሱ እስኪያልፍ ድረስ መንገድ ተዘግቶ፥ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ የሚቆምለት ባለሥልጣን ነው።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ከፊልም ወይም ከቴሌቪዥን ድራማ የተወሰደ ፊት ይቀመጣል፤ ከበላዩ ሁኔታውን የሚናገር አንድ ወይም ሁለት መስመር ይጻፋል። ሳቁ የሚመጣው ጽሕፈቱና ፊቱ ባለመገጣጠማቸው ነው። በገፈርሳ መንገድ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ስልክ ላይ ተከታትለው፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሥዕል ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ሰልፈኛውም በሁለቱም ይስቃል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጡት አምስተኛውን ሰው የሚመለከቱት ናቸው። ሠሪው ባለሥልጣኑን ትቶ የቆመውን ሕዝብ ብቻ ስለሚያሳይ፥ ተመልካቹ በደሉን በተበዳዩ ፊት ላይ ያነበዋል። ደካሞቹ ደግሞ የሰውን መልክ፥ የአነጋገሩን ቅላጼ ወይም የልብሱን ማርጀት የሚያሳዩት ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ እንኳ አይታወቅም።

ለ. ቀድሞ የነበረው ልማድ

ማናለብኝ ባይን በአደባባይ መገሠጽ በስልክ አልተጀመረም። በቀድሞው ሥርዓት በመንገድ ላይ የተበደለ ሰው በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመው ነበር። ይህ ቃል የተነገረው ሰው ትልቅም ቢሆን ትንሽ፥ ቆሞ መልስ መስጠት ይገባው ነበር፤ በአጠገቡ የሚያልፈውም መንገደኛ ዳኛ ሆኖ ነገሩን እንዲሰማ ይለመን ነበር። ቃሉ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ከሳሹም ፊቱን አሳይቶ፥ ስሙን ተናግሮ ይከሳል። በገፈርሳ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ሰፉ የሚባለው ሥርዓት አለ፤ ለታላቅና ለታናሽ፥ ለሰውና ለፍጥረት የሚገባውን ክብር ለይቶ የሚያስጠብቅ ነው።

በግልጽ ለመናገር የሚያስፈራ ነገር ሲሆን ሌላ መንገድ ነበር። «እረኛ ምን አለ?» የሚባለው ጥያቄ የሚያስረዳን፥ መኳንንት የሕዝቡን ስሜት ከእረኛ ዘፈን ያደምጡ እንደ ነበር ነው። አዝማሪም በድግስ ላይ ቆሞ፥ ደጋሹ ራሱ ተቀምጦ እየሰማው፥ በሰምና ወርቅ ይወጋ ነበር። በ19ኛው ምእተ ዓመት የኖሩት የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ በስማቸው የሚነገረው ቀልድ የሚወደድላቸው፥ ነቀፌታቸውን በሰውዬው ፊት የሚናገሩ ሰው ተደርገው ስለሚታሰቡ ይመስለናል።

በእነዚህና በዛሬው ሥዕል መካከል የታክሲ ጥቅስ አለ። ከሚኒባስ በፊት ይሠራ በነበረው የፔጆ ታክሲ ተሳፋሪዎች ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጡ ስለ ነበር፥ ውይይት የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በሚኒባስ ግን ሁሉም የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰው ማጅራት ስለ ሆነ፥ በውይይት ፈንታ በጣሪያውና በበሩ ላይ የሚለጠፍ ጽሕፈት ተተካ። ሒሳብ የሚያዘገየው፥ በሩን የሚወረውረው፥ ዝርዝር ሳይዝ የሚሳፈረው ሁሉ በጥቅስ ይነቀፋል። ተሳፋሪው ጥቅሱን በስልኩ እያነሣ ለወዳጆቹ መላክ ከጀመረ ወዲህ ከሚም የሚለየው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ጥቅሱን የለጠፈው ባለ ታክሲው ስለ ሆነ፥ ትርፍ ስለ መጫንና መንገድ ስለ ማቆራረጥ በዚያ ጣሪያ ላይ የተጻፈ ነገር አላገኘንም። ነቃፊው ራሱን አይነቅፍም።

ሐ. የካረን ስም እንደ ምሳሌ

የሌላው ዓለም ምሳሌ ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። በአሜሪካ ለራሷ ብቻ የተለየ ነገር ይገባኛል ብላ በሱቅ ወይም በመናፈሻ የምትጮኽ፥ «አለቃህን ጥራልኝ» የምትል ነጭ ሴት ካረን የሚል የቀልድ ስም ወጥቶላታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 25 ቀን 2020 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አንዲት ሴት፥ ውሻዋን እንድታስር በጠየቃት ወፍ ተመልካች ጥቁር ሰው ላይ ፖሊስ ጠርታ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ከታየች በኋላ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። በዚያው ቀን ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ስለ ተገደለ፥ እንዲህ ያለ የስልክ ጥሪ በጥቁር ሰው ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለሁሉ ግልጽ ሆነ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት፥ ዘርን ምክንያት በማድረግ በሐሰት ፖሊስ የሚጠራን ሰው ለመክሰስ የሚያስችል ደንብ አወጣ፤ የደንቡም ስም በአጽሕሮት ሲነበብ ካረን ተብሎ እንዲሰማ ሆኖ ተሰየመ። በዚህ መጠን ቀልድ እስከ ሕግ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ስሙ ከቦታው ወጣ። ስለ ተበላሸ ዕቃ የምትጠይቅ ሴት፥ ደመወዟ የጎደለባት፥ በሥራ ቦታ የተናቀች ሁሉ ካረን ልትባል ቻለች። የጥጋበኛው ስም ለአቤቱታ አቅራቢው ተሰጠ። ይህ አደጋ በእኛም አገር አለ፤ ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

መ. መለኪያው

በገፈርሳ መንገድ ከሚዘዋወሩት ሥዕሎች መካከል መልስ ጠያቂውን የሚመለከቱ ብዙዎች ናቸው። ረዳቱ ያስቀረበትን አንድ ብር ወይም ሁለት ብር የሚጠይቅ ተሳፋሪ እንደ ንፉግ፥ ታክሲውን ሁሉ እንደሚያስቆም ነገረኛ ተደርጎ ይሣላል። እንደዚሁም ከከተማው ዳር የሚመጣው ሰው፥ መንገድ ሲሻገር ስለሚፈራ ወይም በትልቁ ሕንፃ በር ላይ ስለሚያመነታ፥ ፋራ ተብሎ ይሳቅበታል። ከማናለብኝ ባዩ ሥዕል ጋር በአንድ ገጽ ላይ ስለሚወጣ፥ ተመልካቹ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ሳቅ ያሳልፋቸዋል።

እኛ ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ እንላለን፤ መለኪያውም አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው የሚጠይቀው ለሁሉ የሚገባውን ነው ወይስ ለእርሱ ብቻ እንዲሆን የሚፈልገውን? ሰልፍ የሚዘልለው ሁሉም እንዲዘልል አይፈልግም፤ ሁሉም ቢዘልል ለእርሱ ጥቅም የለውም። መልሱን የሚጠይቀው ግን ሁሉም መልሱን ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ስለዚህ በመልስ ጠያቂው ላይ መሳቅ ማናለብኝ ባዩን መርዳት ነው። የገፈርሳን ሰው በሚመለከትም፥ ከግድቡ ውሃው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ በዚያው መንገድ ላይ ግን ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ እርሱ የሚመጣለት ቀልድ ከሆነ፥ በዚህ ነገር ማናለብኝ ባዩ ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሁለተኛም መለኪያ አለ። ሥዕሉ የእውነተኛ ሰው ፎቶግራፍ ሲሆን ማንን ነው የያዘው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ይደነግጋል፤ በሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ሰውዬው የታወቀ ወይም የሕዝብ ሥራ ያለው ሲሆንና በሌሎችም ምክንያቶች ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይናገራል። ሕጉ ስልክ ካሜራ ሳይሆን በፊት የተጻፈ ቢሆንም የለየው ነገር ትክክል ነው። በሥራ ደክሞት በታክሲ ውስጥ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው የሕዝብ ሥራ የለውም፤ ፎቶግራፉ ከተሰራጨ በኋላም እንደ «በሕግ አምላክ» መልስ የሚሰጥበት አደባባይ አያገኝም።

ሠ. ሳቅና ዝምታ

በመጨረሻ ያየነውን አንድ ነገር እንናገር። አንድ ቀን ማታ በሰልፉ መካከል ሳለን፥ ከፊታችን የቆሙ ወጣቶች ሰልፍ ዘላዩን የሚያሳይ ሥዕል እየተቀባበሉ ይስቁ ነበር። በዚያው ጊዜ አንድ ሰው በሥዕሉ ላይ እንዳለው ስልኩን በጆሮው ይዞ አልፎን ወደ በሩ ሄደ። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ከፊተኛው ይልቅ ሳቁ፤ የተናገረ ግን አልነበረም፤ እኛም አልተናገርንም። ከኋላችን የነበሩ አንዲት እናት ግን ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፥ «የኔ ልጅ፥ ሰልፉ በዚህ በኩል ነው» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ሰውዬው ስልኩን አውርዶ፥ «ይቅርታ እማማ፥ አላየሁም» ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከዚህ በመነሣት ቀልዱ ይቅር አንልም። እማማ ዘላዩን ሊመልሱት ቻሉ፤ መንገድ የሚያዘጋውን ባለሥልጣን ግን «የኔ ልጅ» ብሎ የሚመልሰው የለም፤ በእንዲህ ያለው ላይ ሥዕሉ እንደ ቀድሞው እረኛ ይሠራል፤ መሥራትም አለበት። ቃል በሚበቃበት ስፍራ ግን ሳቁ የቃልን ቦታ ከያዘ፥ ጥፋቱን አውቀን፥ ስቀንበት፥ እንደ ነበረ እንተወዋለን። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ቅሉ ድንጋይ ሲሰብር ቆሞ የሚስቅ ሰው ለቅሉ ጊዜ እንደሚጨምርለት መታወቅ አለበት።

ይህ ጥናት የአንድ መንገድ ትዝብት ስለ ሆነ ሙሉ ነው አንልም። በሰበታና በሱሉልታ መንገድ የሚመላለሱ ባልደረቦቻችን፥ በዚያ ያሉት ሥዕሎች በማን ላይ እንደሚስቁ መርምረው ቢጽፉልን፥ የእኛን መለኪያ ለማቃናት ወይም ለማጽናት ይረዳናል።