ሁለት ሰው የማያስፈራ ጠመንጃ

ከቨርጂኒያ ለዕረፍት ሊመጣ የተነሣ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ደወለልኝ። ደሴ ላለው የእኅቱ ልጅ ኤርሶፍት የሚባለውን ሽጉጥ ገዝቷል። «በሻንጣ ይፈቀዳል፤ አጣርቻለሁ» አለኝ። ምክር ጠየቀ እንጂ የፈለገው ምርቃት ነው።

ዕቃውን ለማታውቁት፣ ኤርሶፍት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የተወለደ ነው። እዚያ ተራ ዜጋ እውነተኛ ሽጉጥ እንደልቡ ስለማይዝ፣ መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነ፣ 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋ መሣሪያ ሠሩለት። ሰው እንዲገድል አልተሠራም፤ ዐይን ግን ያጠፋል።

ወዳጄ አልዋሸም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤርሶፍትን በእጅ ይዞ መግባት ይከለክላል፤ ከታች በሚጫን ሻንጣ ይፈቅዳል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ትርፉ የሊቲየም ባትሪ እሳት እንዳያስነሣ ከባለቤቱ ጋር ላይ ይቀመጣል። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ጋዙ ጭራሽ አይሳፈርም። በዚህ ደንብ ዐይን ከሽጉጡ ይልቅ የሚፈራው ባትሪው ነው እንግዲህ! አይፈረድበትም። የተጠየቀው «አውሮፕላኑን ይጎዳል ወይ?» ተብሎ ብቻ ነው። ሻንጣው ከተከፈተ በኋላ ያለውን ማንም አልጠየቀውም፤ ወዳጄም አልጠየቀም።

አንድ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከተነገረበት ቦታ ነው እያልኩ ዓመታት ሙሉ ተማሪ ያሰለቸሁ ሰው ነኝ። ዕቃም እንደዚያው ነው። ቦሌ ላይ የሚጠብቀው የቨርጂኒያ ደንብ ሳይሆን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያላት አገር ናት። ከዚያ ደሴ አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያ ልጅ ጆሮ የእውነተኛውን ድምፅ ያውቃል። መንገድ ላይ ሻንጣ የሚበረብር ወታደርም ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ቁጭ ብሎ አያነብም። «ተወው» አልኩት፤ ቅር አለው።

«ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይባላል። አንዱ የተደገነበት፣ ሌላው ባዶነቱን የሚያውቀው ባለቤቱ። ይህን ተረት ያመጣው ሰው መሣሪያ አሳምሮ ያውቃል። የኤርሶፍት ጣጣ ታዲያ የሚያስፈራው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ልጁ እየሳቀ ይደግናል፤ የሚፈራው ማዶ ያለው ነው። ማዶ ያለው ደግሞ እውነተኛውን ታጥቆ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ደንቡን ባወጣችው አገር ደርሷል። ኖቬምበር 22 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ክሊቭላንድ ከተማ፣ ታሚር ራይስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ፖሊስ ዘንድ የደወለው ሰው ሽጉጡ ምናልባት የውሸት እንደሆነ፣ የያዘውም ልጅ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግሯል። ያ ቃል ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሳቸውም። ደርሰው በሁለት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ተኮሱበት፤ በማግስቱ ሞተ። የአገሪቱ ሕግ እንዲህ ያለ አምሳያ አፈሙዙ ላይ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው ያዝዛል። የታሚር ሽጉጥ ላይ ምልክቱ አልነበረም፤ ወልቋል። የትኛው ልጅ ነው እሱን ሳይነቅል የሚከርመው? አሻንጉሊት መሆኑን የሚያሳብቅበት እሱ ብቻ ነዋ!

ልጅ ጠመንጃ መውደዱ አዲስ ነገር አይደለም። እኛም ከእንጨትና ከሸንበቆ ሠርተን ስንታኮስ ነው ያደግነው። የእኛ ጠመንጃ ግን ጠመንጃ የሚሆነው እኛ «ዷ!» ስንል ነበር፤ ዝም ካልን ዱላ ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ዘበኛም ቢሆን ከዱላነት ሌላ አያይበትም። «ሞተሃል»፣ «አልሞትኩም» የሚል ክርክር እንጂ ሬሳ አይቶ የሚያውቅ ጨዋታ አልነበረም። ሲመሽ እንጨቱን ደጅ ጥለን እንገባለን፤ አንዳንዴም ጠዋት ስንፈልገው ምድጃ ውስጥ ገብቷል።